የቡችላን ጆሮ መቍረጥ ይገባልን?

አፍ ላለው መፍረድ ቀላል ነው፤ አፍ ለሌለው መፍረድ ግን ከባድ ነው። አፍ ያለው ሰው ፍርዱ ባይስማማው ይከራከራል፥ ይግባኝም ይላል። አፍ የሌለው ግን የተፈረደበትን ተቀብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ በእንስሳ ላይ የሚፈርድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊያስብ ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ ስለ ራሱ፥ አንድ ጊዜም መናገር ስለማይችለው ስለ እንስሳው።

በአሜሪካ አገር ዶበርማን የሚባለውን ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ ውሻ ሲወለድ ጆሮው እንደ ቅጠል የተንጠለጠለ ነው። በሥዕል የሚታየው እንደ ጦር የቆመው ጆሮ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣው አይደለም፤ በሐኪም እጅ ተቈርጦ በድጋፍም ታስሮ ብዙ ከቆየ በኋላ የሚገኝ ነው እንጂ። እንግዲህ አንድ ሰው የ5 ወር ቡችላ ጆሮው ሳይቈረጥ ይገዛል። የሚያየውም ሁሉ፥ «ይህ ምን ዶበርማን ነው? ጆሮው እንደ በግ ጆሮ የወደቀ!» ይለዋል። ሰውዬውም እያፈረ፥ «ጊዜው ሳያልፍ ላስቈርጠውን ወይስ ልተወው?» እያለ ያወጣል፥ ያወርዳልም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ልብ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

የዚህ ልማድ መነሻው ውበት አልነበረም። በቀድሞ ዘመን ውሻ ከተኵላና ከሌላም አውሬ ጋራ ይታገል ነበር፤ ሰዎችም ክፉ ጨዋታ አድርገው ውሻን ከውሻ ጋራ ያዋጉ ነበር። ስለዚህ ጠላቱ ጆሮውን ነክሶ እንዳይዘው ባለቤቱ አስቀድሞ ይቈርጠው ነበር። በካውካስና በመካከለኛው እስያ ተራሮች የመንጋ ጠባቂ ውሾቻቸውን ጆሮ ስለ ተኵላ ብለው የሚቈርጡ እረኞች ዛሬም አሉ። ዶበርማን ግን የተገኘው በጀርመን አገር በቱሪንጊያ አውራጃ በአፖልዳ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ካርል ፍሪድሪኽ ሉዊስ ዶበርማን የሚባል ግብር ሰብሳቢ ነበረ። ገንዘብ ይዞ ሲዞር የሚጠብቀው ውሻ ፈልጎ ልዩ ልዩ ውሾችን እያዳቀለ ይህን ዘር አስገኘ ይባላል። እርሱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓመት ሞተ፤ ውሻው ግን በስሙ እየተጠራ ቀረ። ዛሬ በከተማ ቤት ውስጥ በምንጣፍ ላይ የሚተኛውን ዶበርማን ተኵላ አይገጥመውም። እንግዲህ ምክንያቱ ሞቷል፤ ልማዱ ግን ሳይቀበር ቀርቷል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። ይህን ሥራ የሚሠሩ የእንስሳ ሐኪሞች ቡችላው ከ7 እስከ 12 ሳምንት ባለው ዕድሜው እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። በዚያን ጊዜ በጆሮው ውስጥ ያለው ለጋ አጥንት ገና ቀጭንና ለስላሳ ነው። ሐኪሙ ቡችላውን በሚያስተኛ መድኃኒት አስተኝቶ የጆሮውን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ይቈርጣል፤ የቍስሉንም አፍ በክር ይሰፋዋል። ክሩ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ነው። ነገር ግን ሥራው በዚህ አያልቅም። ጆሮው ቆሞ እንዲቀር በድጋፍ ላይ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ማሰሪያውም በየጥቂት ቀኑ ይፈታል፥ ጆሮው ይጸዳል፥ እንደ ገናም ይታሰራል። ይህም ለብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ወር ይሆናል። ማሰሪያው ቢረጥብ ወይም ከልክ በላይ ቢጠብቅ ጆሮው ይቈስላል፥ ይመግላልም።

ያደገ ቡችላ ግን ከዚህ የባሰ መከራ አለበት። አራትና አምስት ወር ሲሆነው ለጋው አጥንት ይወፍራል፥ የተንጠለጠለበትንም እጥፋት ይለምዳል። ጆሮው ሰፊ ስለ ሆነ ቍስሉም ሰፊ ይሆናል፤ የሚፈሰው ደም ይበዛል፥ ሕመሙም ይጸናል። ጕልበቱ ጠንክሯልና ማሰሪያውን በእግሩ እየፋቀ ይጥለዋል። ይህን ሁሉ ከተቀበለም በኋላ ጆሮው ላይቆም ይችላል፤ ወይም አንዱ ቆሞ አንዱ ይወድቃል፥ ወይም ጠባሳው ተጨማዶ መልኩን ያበላሸዋል። ስለዚህ የታናናሾቹን ጆሮ ከሚቈርጡት ሐኪሞች መካከል እንኳ ያደገውን አንቀበልም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚል ተረት አለ። የፈሰሰ እህል በእርግጥ ይለቀማል፤ የተቈረጠ ጆሮ ግን አይለቀምም።

ይህን ልማድ የሚወዱ ሰዎች ሁሉ ጨካኞች ናቸው ማለት እውነት አይደለም። ብዙዎቹ ውሻቸውን ይወዳሉ፥ በሚገባ ይመግቡታል፥ ሲታመምም ያስታምሙታል። ስለዚህ ነገራቸውን ሰምቶ መመለስ ይገባል።

መጀመሪያ፥ «የዘሩ መልክ ይህ ነውና እንጠብቀው» ይላሉ። ነገር ግን ዘርን ዘር የሚያሰኘው በደሙ ያለው ነው እንጂ በምላጭ የተጨመረለት አይደለም። ጆሮው ከተቈረጠ አባትና ጆሮዋ ከተቈረጠ እናት የሚወለደው ቡችላ ጆሮው ተንጠልጥሎ ይወለዳል። ሰዎች ስንት ትውልድ ሙሉ ቢቈርጡም ተፈጥሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማቸውም።

ሁለተኛ፥ «የቆመ ጆሮ ነፋስ ይገባዋልና አይታመምም» ይላሉ። በእርግጥ የተንጠለጠለ ጆሮ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን በጆሮ ሕመም እጅግ የታወቀው እስፓኒየል የሚባለው ውሻ ነው፤ የእርሱን ጆሮ ግን የሚቈርጥ የለም፤ ባለቤቱ እያጠበና እያደረቀ ይጠብቀዋል እንጂ። መቍረጡ ከጆሮ ሕመም እንደሚያድን የሚያስረዳ የታመነ ማስረጃ አልተገኘም። ለአንዱ ውሻ መታጠብ የሚበቃው ከሆነ ለሌላው መቈረጥ ለምን ያስፈልገዋል?

ሦስተኛ፥ «ጆሮው የቆመ ውሻ ሌባን ያስፈራል» ይላሉ። ሌባ ግን የሚፈራው ድምፅንና ጥርስን ነው። ውሻም ቤት የሚጠብቀው ጆሮው ስለ ቆመ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፥ ታማኝነቱ የሚመጣው ከተመገበው እንጀራና ከተደረገለት ፍቅር፥ ከተማረውም ትምህርት ነው።

ደግሞም አንባቢ ይህን ያስተውል፤ ለውሻ ጆሮው መስሚያ ብቻ ሳይሆን መናገሪያውም ነው። ሲፈራ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ አንድ ነገር ሲያደምጥ ወደ ፊት ያዞረዋል፤ ሲወድና ሲለማመጥም ዝቅ ያደርገዋል። ሌሎች ውሾች ይህን አይተው ሐሳቡን ያውቃሉ። ጆሮው ተቈርጦ ሁልጊዜ የቆመ ውሻ ግን ልቡ ሰላም ሳለ ፊቱ ጠብ የፈለገ ይመስላል። ቋንቋው እንደ ተቀነሰበት ሰው ነው።

ልማድ ይለወጣልን? አዎን፥ ይለወጣል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ አገር ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት፥ በኋላም ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የተባሉት ልዑል፥ በ1895 የውሻን ጆሮ መቍረጥ ተቃወሙ። የአገሩም የውሻ ማኅበር ጆሮው የተቈረጠ ውሻ ወደ ውድድር እንዳይገባ ከለከለ። በዚያን ጊዜ ቡል ቴሪየር የሚባለውን ውሻ የሚያራቡ ሰዎች ዘራቸው የጠፋ መስሏቸው እጅግ አዘኑ። ነገር ግን በትዕግሥት መርጠው እያዳቀሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ጆሮው ያለ ምላጭ በራሱ የሚቆም ውሻ አገኙ። ምላጭ ለዘለቄታው ያልሰጣቸውን ትዕግሥት ሰጣቸው።

ከዚህም በኋላ የዶበርማን አገር ጀርመን ራሷ የውሻን ጆሮ መቍረጥ ከ1987 ጀምሮ በሕግ ከለከለች። በዚያው ዓመት በስትራስቡርግ ከተማ ስለ ቤት እንስሳት ጥበቃ የአውሮፓ ስምምነት ተዘጋጀ፤ በ1992ም ጸና። እርሱም ለመልክ ሲባል ብቻ ጆሮንና ጅራትን መቍረጥን ይነቅፋል። በእንግሊዝና በዌልስ የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከልክሎታል። በአሜሪካ የእንስሳ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ለመልክ ብቻ ሲባል የሚደረገውን መቍረጥ እንደሚቃወም አስታወቀ። ነገር ግን በዚያ አገር ልማዱ በብዙው ክፍል በሕግ አልተከለከለም፤ ታላቁ የውሻ ማኅበርም ይፈቅደዋል። ጆሮው ያልተቈረጠውንም ወደ ውድድር እንዳይገባ አያግደውም። ስለዚህ በአሜሪካ ያለው ሰው ፍርዱን ከሕግ ሊቀበል አይችልም፤ ከገዛ ኅሊናው መቀበል አለበት። ሕግ ዝም ባለበት ስፍራ ደግሞ የኅሊና ሥራ ይበዛል።

በኢትዮጵያም ገጠር ውሻው ኃይለኛ ይሆናል በማለት የቡችላን ጆሮ ያለ ሐኪምና ያለ ማስተኛ መድኃኒት የሚቈርጡ ሰዎች አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ኃይል በጆሮ ጫፍ አልተቀመጠም፤ ቢቈርጡትም አይጨመርም። የሚጨመረው ሕመምና የሰውን እጅ መፍራት ነው፤ የሰውን እጅ የሚፈራ ውሻም ጌታውን ራሱን ሊነክስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል የእንስሳን ጆሮ መቍረጥ ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም። ጆሮው በክፉ እብጠት ቢያዝ፥ ወይም በጠብ ተቀዶ መዳን ቢያቅተው፥ ሐኪም ቢቈርጠው ምሕረት ነው። አንዱ መቍረጥ ለሕይወት ነው፥ ሌላው ለዓይን ነው፤ ምላጩ አንድ ቢሆን ሥራው ሁለት ነው።

እንግዲህ ሊቈርጥ የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። መጀመሪያ፥ ጥቅሙ የማን ነው? የውሻው ነው ወይስ የጌታው? ሁለተኛ፥ ቢጸጸት ሊመልሰው ይችላልን? ሦስተኛ፥ ቢተወው ውሻውን ምን ይጎዳዋል? ጥቅሙ የጌታው ብቻ ከሆነ፥ መመለስም ካልተቻለ፥ መተውም ምንም ካልጎዳ፥ ፍርዱ ግልጽ ነው። የ5 ወሩ ቡችላ በሦስቱም ጥያቄ ረቷል።

ስለዚህ ጌታው ጆሮውን እንዳለ ይተወው። ለመቍረጥ የሚያወጣውን ገንዘብ ለመልካም ምግብና ለክትባት ያውለው፤ ማሰሪያ በመፍታትና በማሰር የሚያልፈውን ወራትም ውሻውን በማስተማር ያሳልፈው። ጆሮውን እየተመለከተ ያጽዳለት፤ ሽታ ወይም ፈሳሽ ቢያይም ፈጥኖ ለሐኪም ያሳይ። ሰዎች ቢስቁ ሳቃቸው አንድ ቀን ነው፤ ጠባሳው ግን ውሻው እስኪሞት ድረስ ነው። ውሻ ጌታውን በመልኩ መርጦ አይወደውም፤ ጌታውም ውሻውን በጆሮው ቅርጽ መዝኖ ሊወደው አይገባም።