ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?

ስለ ስልክ ጠለፋ በተነሣ ቁጥር ይህች ጥያቄ ትወረወራለች። ጥያቄ ትምሰል እንጂ አፍ ማስያዣ ናት። ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለችውን የጫካ ቡና አገር ማንኪራን እናስብ። እዚያ ያለ ገበሬ አገር የሚያናጋ ምሥጢር የለውም። ግን የመሬት ክርክር ይኖረዋል፤ የቀበሌውን ሹም ማማረሩም አይቀርም። እንዲህ ያለው ሰው ወሬው ሲጠና «በስልክ አይሆንም፣ ስንገናኝ» ቢል ጥፋት ስላለበት አይደለም። ማን እንደሚሰማው፣ ሰሚውም ነገሩን ለማን እንደሚያቀብል አያውቅማ።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ሁላችን ኢንሳ የምንለው፣ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የዛሬው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ኤጀንሲው ዛሬ «አስተዳደር» ተብሏል። የተሰጠው ሥራ የአገርን መረብ ከጥቃት መከላከል ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ውዝግብ ሲጦዝ፣ ከግብፅ የተነሡ ጠላፊዎች የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን ገልጿል። ይህን ሥራ የሚጠላ ጤነኛ ሰው የለም።

ጭቅጭቁ ሌላ ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ ራሱ ተጠለፈና ሰነዱ ሁሉ አደባባይ ወጣ። ከደንበኞቹ መካከል ኢንሳ ተገኘ፤ የተከፈለውም 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ የምርምር ማዕከል ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚሁ ሶፍትዌር የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች እንደተነጣጠረባቸው አጋልጦ ነበር። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ምርት በውጭ ባሉ የኦሮሞ ተቃዋሚዎች ላይ መዋሉን፣ የኦፕሬተሮቹም ዱካ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያመራ አሳየ። እንዴት ደረሰበት? የሰላዮቹ ሰርቨር መዝገብ ማንም ከኢንተርኔት ገብቶ ሊያነበው በሚችል ቦታ ተቀምጦ ነበር! ሰላይም ተሰላይም እዚያው ተዘርዝረዋል። «መንግሥት የሰበሰበውን በጥንቃቄ ይይዛል» ለሚለን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ነገር ግን የጥንቃቄ ጉድለት ይታረማል እንበል። የማይታረመው የሁለቱ ሥራዎች ጠብ ነው። የስለላ ሶፍትዌር ወደ ስልክ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው። የሚከላከል መሥሪያ ቤት ቀዳዳውን ሲያይ ቶሎ እንዲደፈን ይናገራል፤ የሚያዳምጥ ግን ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋል። ቁልፍ ሠሪና ሰርሳሪ በአንድ ደመወዝ ሲያድሩ ማንኛው ያሸንፋል? የማንኪራው ገበሬ የቡናውን ዋጋ በቴሌብር የሚቀበልበት ስልክና የጋዜጠኛው ስልክ ቀዳዳቸው አንድ ነው።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር ሕግ ግን ምንጩና የተገኘበት መንገድ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ፈቀደ። እሱ ተሽሯል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ግን አስቸኳይ ሲሆን ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠለፋ እንዲፈቅድ ያስችለዋል፤ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከሌላው አገር ጋር እናስተያየው። እንግሊዞችም ንጹሕ አይደሉም፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የጅምላ ጠለፋቸው መብት መጣሱን ወስኖባቸዋል። ቢሆንም የእነሱ አድማጭ ጂሲኤችኪው ለመጥለፍ ከሚኒስትር ፊርማ በተጨማሪ የዳኛ ይሁንታ ያስፈልገዋል፤ በየዓመቱም ስንት ፈቃድ እንደተሰጠ ይታተማል።

ኢንሳ ያከሸፋቸውን የጥቃት ሙከራዎች ብዛት በየጊዜው በኩራት ይነግረናል። በዚያው መግለጫ ላይ ስንት ስልክ እንደተጠለፈ፣ ስንቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሆነ ለምክር ቤቱ ያስታውቅ። የመከላከሉ ሥራ ለእሱ ይቆይ፤ የማዳመጡ ደግሞ ዳኛ ሊጠይቀው ወደሚችል ሌላ መሥሪያ ቤት ይሂድ። ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል ብለው የለ?