ማንም ያልጠየቃቸው አርበኞች

ሰሞኑን የኬት ኩዊንን «ዘ ሮዝ ኮድ» ሳነብ ሰነበትኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ይፈቱ ስለነበሩ ሴቶች የተጻፈ ልቦለድ ነው። መቼቱ እንግሊዝ አገር፣ ብሌችሊ ፓርክ። እዚያ ከሚሠሩት ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። በልቦለዱ ሳይሆን በእውነተኛው ታሪክ፣ ማቪስ ሌቨር የምትባል የ19 ዓመት ወጣት በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጣልያንን ባሕር ኃይል መልእክት ፈታች። ጣልያን ማታፓን ላይ በባሕር ተመታ። በዚያው ሳምንት ከረንም ከእጁ ወጣች።

ጠላታችን አንድ ነበር ማለት ነው። ታዲያ የኛዎቹ ሴቶች የት ገቡ?

ስም እንኳ አላቸው፦ የውስጥ አርበኞች። ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጠው ለዱር አርበኛው ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት ያቀብሉ ነበር። ሸዋረገድ ገድሌን ያየ ይመስክር። አዲስ አበባ ሆነው ይህን ሁሉ ሲሠሩ ተይዘው ጣልያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሲመለሱም ትግሉን አልተዉም።

በልቦለዶቻችን ግን ጎልቶ የሚታየው ጎፈሬውና ጠመንጃው ነው። መዓዛ መንግሥቴ በ2012 ዓ.ም. ለንባብ ባበቃችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ሴቷን ተዋጊ ፊት ለፊት አምጥታልናለች። ይበል ነው! ያውም በእንግሊዝኛ። የሚገርመው፣ የገዛ ቅድመ አያቷ መዝመታቸውን ከእናቷ የሰማችው መጽሐፉን ዓመታት ከደከመችበት በኋላ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የብሌችሊ ሴቶች እስከ 1960ዎቹ ዝም ያሉት ሕግ አፋቸውን ስለዘጋው ነው። የኛዎቹን አፍ የዘጋ ሕግ የለም። የጠየቃቸው ጠፋ እንጂ።

«ልቦለድ ታሪክ ያበላሻል» የሚሉ አይጠፉም። ዝምታስ አያበላሽም? ጣልያን ባሕር ዳርም ሰፍሮ ነበር። ከዘጌ በታንኳ እንጨት አምጥታ ገበያ የተቀመጠች፣ እግረ መንገዷን የጠላትን ካሚዮን የምትቆጥር ሴት ብትጻፍልን ማን ይጎዳል? እኔ በበኩሌ ዛሬውኑ ገዝቼ አነባታለሁ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ1933 የ15 ዓመት ልጅ የነበረች ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ልጆቿ ግን አሉ። እስቲ በሚቀጥለው ቡና ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና አያታችሁን ጠይቁ፦ «እማማ፣ እናትዎ በጣልያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?»