መስተዋትን መስበር ፊትን አያጠራም

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የተወለደችው ቀራፂ ሳራ ሉካስ የሠራችውን ሥራ አይተው፥ ይህ ነውር ነው እንጂ ጥበብ አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነውርን መጸየፍ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነውሩን ማን እንዳመጣው ሳይመረምሩ መፍረድ ፍርድ አይባልም።

ይህች ሴት በ1992 ዓ.ም. በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የተጠበሰ ዕንቁላልና በቂጣ የታጠፈ የሥጋ ጥብስ አኑራ የሴት ገላ አስመሰለችው። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ባረጀ ፍራሽ ላይ ሁለት ሜሎንና አንድ ባልዲ ለሴት፥ ሁለት ብርቱካንና አንድ ኪያር ለወንድ ምሳሌ አድርጋ አጋደመች።

እንግዲህ የሰውን ገላ ከምግብ ጋራ ያነጻጸረው ማን ነው? እርሷ አይደለችም። በእንግሊዝ አገር በመጠጥ ቤትና በጎዳና ሴትን እንዲህ ባለ ስም መጥራት ከእርሷ በፊት የነበረ ቀልድ ነው። ቃሉ ሲነገር የሣቀ ሰው፥ ያው ቃል በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባየው ጊዜ ቢቈጣ፥ ቍጣው ዘግይቷል።

ዕንቁላል መጥበስ ማንን ያቅተዋል፥ ጥበቡስ ወዴት አለ የሚሉም አሉ። ስድቡ ከወጥ ቤት የተወሰደ ነውና በወጥ ቤት ነገር መታየት ይገባዋል፤ በእብነ በረድ ቢቀረፅ ኖሮ ውበት ለብሶ ባመለጠ ነበር።

ስድብን ገልጦ ማሳየት ስድብን ማብዛት ነው የሚሉት ሰዎች ክርክር ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሆኖም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ደግሞም ሁለት ሥራዎችዋን አስተያይቶ መመልከት ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. የሠራችው ምስል በተሞላ የእግር ሹራብ የተበጀ ነው፤ በወንበር ላይ ዝልፍልፍ ብሎ ተጥሏል፤ ራስም ዐይንም የለውም። ስድብ ሴትን የሚያደርጋት ይህን ነው። በ1996 ዓ.ም. በተነሣችው ፎቶግራፍ ግን ሁለት ዕንቁላል በደረትዋ ላይ አድርጋ፥ ሴት እግርዋን ገጥማ ትቀመጥ የሚለውን ሥርዓት ትታ፥ እንደ ወንድ ተዘርግታ ተቀምጣ ተመልካቹን ትክ ብላ ታየዋለች። ዕንቁላሉ የሰዎች ቃል ነው፤ ዐይኑ የእርሷ ነው። በዚያ ዐይን ፊት የሚያፍረው ተሰዳቢዋ ሳትሆን ተሳዳቢው ነው።

በ2015 ዓ.ም. በቬኒስ የሥነ ጥበብ ትርኢት አገርዋን ወክላ ቀረበች፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ሥራዋ በሎንዶን በቴት ብሪቴን ታየ። ይህ ክብር ግን የሥራዋ ማስረጃ አይደለም። አጨብጭቦ ወጥቶ ያንኑ ቀልድ በደጅ የሚደግም አድናቂ፥ ከተቈጣው ነቃፊ ይልቅ ዕውር ነው፤ ነቃፊውስ ቢያንስ ነገሩ አስነዋሪ መሆኑን አውቋል።