ስለ ማርሽ አለዋወጥና ስለ ነጋዴው ገንዘብ

ነጋዴ ስለ ዕቃው ዋጋ፣ ስለ ቀረጡና ስለ ባንክ ቤቱ ጉዳይ ሲነጋገር ይውላል። ዕቃው ከወደብ ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ እስኪገባ ድረስ በማን እጅ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከማይጠይቁት ወገን ነበርሁ።

ለምን መጠየቅ እንደ ጀመርሁ ላስረዳ። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከተዘጋብን ወዲህ የእኛ የደሴ ነጋዴዎች ዕቃ የሚመጣው ከጂቡቲ በጋላፊና በሚሌ በኩል ነው። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ቆላ ስትሆን፣ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ ዕቃችን ሁሉ ዳገት ሳይወጣ አይደርሰንም። ለፋሲካ ገበያ ያዘዝሁትን ብርጭቆና ሳህን የጫነ አንድ ተሳቢ መኪና የባቲን ዳገት ወጥቶ ኮምቦልቻ በደኅና ደረሰ። የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን በመካከሉ ሐረጎ አለ። ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋና ታዛዥ ልጅ ነው። ዳገቱን በቀላል ማርሽ ጀመረው። ሞተሩ ሲደክምበት ወደ ከባድ ማርሽ ለመመለስ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ማርሹ እምቢ አለ፤ መኪናውም ቆመ። ከዚያ በኋላ 400 ኩንታል ጭኖ ከዳገት መካከል ለመነሣት ሲታገል የፍሪሲዮኑ ሸራ ተቃጠለ። ዕቃው ወደ ሌላ መኪና እስኪዛወር ሦስት ቀን አለፈ። ከተሰበረው ሳህን ይልቅ ያስቆጨኝ ያለፈው ገበያ ነበር።

ልጁን በጣም ተቆጣሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ የተማርሁት በባዶ መኪና፣ በሜዳ ላይ ነው» አለኝ። የባቲንስ ዳገት እንዴት ወጣኸው ብለው፣ ከፊቱ ይሄድ የነበረውን የአንድ ነባር ሾፌር መኪና ድምፅ እየሰማ፣ ያ ሰው ማርሽ ሲለውጥ እርሱም እንደ ለወጠ ነገረኝ። ሐረጎ ላይ ከፊቱ ማንም አልነበረም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩን ከነባር ሾፌሮች ጠይቄ ለመረዳት ሞከርሁ። ሞተር በቂ ጉልበት የሚኖረው ዙሩ በተወሰነ መጠን ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ማርሽም የሚለወጠው ይህን ዙር ከመንኰራኵሩ ፍጥነት ጋር ለማስማማት ነው። በቀድሞ ዘመን ከነበሩት ካሚዮኖች በብዙዎቹ ላይ የማስማማቱ ሥራ የሾፌሩ የራሱ ነበር። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ነዳጅ በመስጠት ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ እንደ ገና ረግጦ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። ይህም ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ማርሽ ያልያዘ መኪና ዳገት ላይ ፍጥነቱን በቅጽበት ያጣልና። ወደ ቀላል ማርሽ ሲያልፍ ደግሞ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው፤ ዙሩ እስኪወርድ መጠበቅ ይገባል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ ካምቢዮው ራሱ ብዙውን ይረዳል። ነገር ግን ማርሾቹ 9፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ እጀታው የሚገባበት አንዱ ቦታ ለሁለት ማርሽ ያገለግላል። በሩጫ ላይ ያለ አዲስ ሰው የቱ እንደ ተያዘ ቢጠፋው አይፈረድበትም።

ከዳገቱ የሚብሰው ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ነባሮቹ፣ ቁልቁለት የሚወረደው ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ነው ይላሉ፤ ያም ማርሽ የሚያዘው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። አዲሱ ሰው ግን በቀላል ማርሽ ገብቶ በፍሬን ይወርዳል። ፍሬኑ ሲግልና መያዝ ሲሳነው ማርሹን ለመመለስ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፤ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ የያዘውን ጭነት ስለሚለቅ መኪናው ይፈጥናል፤ ማርሹም ከእንግዲህ ወዲያ አይገባም። ነዳጅ ይቈጠባል በማለት ማርሽ አውጥተው የሚወርዱም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በዛሬው የናፍጣ ሞተር ማርሽ ተይዞ የነዳጁ ፔዳል ሲለቀቅ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ይቋረጣልና፣ የሚተርፍ ነገር የለም።

አባቶቻችን ይህን ትምህርት የሚያገኙት በረዳትነት ነበር። ረዳት ዓመታት ሙሉ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ጎማ እየፈታ፣ ጭነት እያሰረ፣ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው ያጠና ነበር። መሪ ከመጨበጡ በፊት የመንገዱን ዳገትና ቁልቁለት በስም ያውቃል። በእርግጥ ብዙ ድካምና ስድብ ነበረበት፤ ያንን እንመልስ አልልም። ግን የረዳቱን ቦታ ማን እንዳጠፋው ብንመረምር ከእኛ ደጃፍ እንደርሳለን። የኪራይ ዋጋ በተነጋገርን ቍጥር ጥቂት ብር የምናስቀንሰው እኛ ነን፤ ባለ መኪናውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀንሰው የሁለተኛውን ሰው አበል ነው። ሾፌሩም በምልልስ ብዛት ይከፈለዋል፤ በዚያ ላይ በየሰዓቱ እየደወልን «የት ደረስህ?» እንለዋለን። ቁልቁለት ላይ ስልክ የሚያነሣ ሾፌር ያለኝ መሆኑ ደስ ያሰኘኝ የነበረበትን ጊዜ ሳስበው አፍራለሁ።

ማርሽ በራሱ የሚለውጥ መኪና ሲበዛ ይህ ጭንቀት ያልቃል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በአሜሪካ በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ በዚያ አገር በእንዲህ ያለው መኪና የተፈተነ ሰው በእጅ ማርሽ የሚለወጠውን እንዳይነዳ በፈቃዱ ላይ ይጻፍበታል። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ዐውቀውታል ማለት ነው። እኛ ግን በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ያገለግሉናል። አዲሱም መኪና ቢሆን ቁልቁለት ላይ ምን ያህል ጭነት በምን ፍጥነት መውረድ እንዳለበት የሚወስንለት ሰው ይፈልጋል።

እኔ በበኩሌ በኪራይ ውሌ ላይ ሁለት ነገር ጨምሬአለሁ። አንደኛው፣ ሾፌሩ ጭነት ይዞ በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ ባለ መኪናው እንዲገልጽልኝ ነው። ሁለተኛው፣ ሾፌሩ አዲስ ከሆነ ከሚሌ ወዲህ ከጎኑ የሚቀመጥ ነባር ሰው እንዲኖርና አበሉን ግማሽ እኔ እንድከፍል ነው። ወጪው አንድ ፍሪሲዮን ከማሠራት እጅግ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ሳምንት ከጂቡቲ የምጠብቃቸው ሁለት መኪናዎች አሉ። አንዱን የሚነዳው ያ የሐረጎው ልጅ ነው፤ ከሚሌ ጀምሮ አንድ አዛውንት ሾፌር ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ እኔም ደሴ እስኪገባ ድረስ አልደውልለትም።