ገመድ ጥገና አይደለም

ቦዲቲ ላይ መክፈቻውን ሲጫኑት የኋላ ኮፈኑ እምቢ ያለ አሮጌ መኪና ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ በገመድ ይታሰራል፣ ወይ ባለቤቱ ሙሉ መቆለፊያ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ይደውላል። ሁለቱም ችኮላ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቆለፊያ ትንሽ ሞተር፣ ጥርስና መንጠቆ ነው። ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ሽቦ ነው። ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር እየታጠፈ ውስጡ ይበጠሳል፤ ላዩ ደህና ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ፣ ቀጥሎ ሽቦው በቴስተር ይለካ፣ ከዚያ አቧራ የያዘው ግራሶ ተጠርጎ ይታደስ። መቆለፊያውን መቀየር መጨረሻ ይመጣል።

ገመዱ ከሁሉም ይከፋል። በደንብ ባልተዘጋ ኮፈን የጭስ ማውጫው ጭስ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የኋላ ወንበር ላይ የተኛን ልጅ ሊገድል ይችላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ይሄዳሉ። እንግዲህ መካኒኩ «ይቀየር» ከማለቱ በፊት ይለካ። ባለመኪናውም ለዕቃ እንደሚከፍለው ሁሉ ለምርመራም ይክፈል። ዕቃ ብቻ የሚያስከፍል ጋራዥ የበዛው፣ ለዕቃ ብቻ የሚከፍል ደንበኛ ስለበዛ ነው።