የአይብ ቦታ ከክትፎ ጎን ብቻ አይደለም

ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ «አምጪልኝ» ተብሎ ከሚላከው ውስጥ፣ እንደ እኔ በኬክ ጋገራ የተሰማሩ ሰዎች አስቀድመው የሚጽፉት ክሬም ቺዝ ነው። በበረዶ ታሽጎ፣ በልብስ ተጠቅልሎ በሻንጣ ይገባል። ዘመድ የሌለው ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በውድ ዋጋ ይገዛዋል። ከመደርደሪያው ሲጠፋ ደግሞ ቺዝኬክ ከኬክ ቤቱ ሜኑ ላይ ይሰረዛል። ከኬክ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቀው እናቶች የዕለት አይብ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ገዢ ይጠብቃሉ።

ክሬም ቺዝን ከውጭ የመጠበቅ ልማድ መቅረት አለበት። እንዲህ የምለው በአይብ ስለምጋግር፣ የጋገርኩትንም ስለምሸጥ ነው።

ፍራንክፈርት በአንድ ዳቦና ኬክ ቤት ለዓመታት ስሠራ፣ በየዕለቱ ከምናወጣቸው ኬኮች አንዱ ጀርመኖች ኬዘኩኸን የሚሉት የአይብ ኬክ ነበር። በተለምዶ የሚሠራው በክሬም ቺዝ ሳይሆን በክዋርክ ነው፤ ወተቱ ረግቶ አጓቱ ሲጠል የሚቀረው ለስላሳ አይብ ማለት ነው። እኛ እዚያ የምንኖር ሐበሾች ከሥራ ስንወጣ ያንኑ ክዋርክ ገዝተን ከጎመንና ከክትፎ ጋር እናቀርበው ነበር። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ለዚሁ ጉዳይ ኮቴጅ ቺዝ ይጠቀማሉ፤ ቅቤውንም ከሱፐርማርኬት ገዝተው በኮረሪማና በኮሰረት ያነጥሩታል። እንግዳው በልቶ አመስግኖ ይሄዳል። ባዕድ አገር ላይ ክዋርክ የአይብን ቦታ ሲሸፍን ሁላችንም ተቀብለናል። አገራችን ስንገባ ግን አይብ የክዋርክን ቦታ ይሸፍናል ብሎ ማሰብ ነውር ይመስለናል።

ስደተኛ በሄደበት ሁሉ ያገኘውን ወተት ተጠቅሞ የአገሩን ጣፋጭ ሲሠራ ኖሯል። ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱ አይሁዶች በአገራቸው የአይብ ኬክ የሚሠሩት ከክዋርክ ጋር በሚመሳሰል አይብ ነበር። አሜሪካ ሲገቡ ያገኙት ክሬም ቺዝን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 «ፊላደልፊያ» በሚል ስም መሸጥ የጀመረውን ማለቴ ነው። ዛሬ ዓለም «የኒው ዮርክ ቺዝኬክ» የሚለው ወፍራሙ ኬክ የታወቀው በዚህ አይብ ነው። ህንዶችም ጉላብ ጃሙን የሚሠሩት ለሰዓታት ተንተክትኮ በደረቀ ወተት ነበር፤ በስደት ያሉት ግን በዱቄት ወተት መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። እነዚህ ሰዎች ከአገር ቤት የሚላክ አይብ ቢጠብቁ ኖሮ ልጆቻቸው ጣፋጩን ሳያውቁት ያድጉ ነበር።

መተካት ሲባል ግን አንዱን አውጥቶ ሌላውን መጨመር ብቻ አይደለም። ጋጋሪ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ያ ነገር በሊጡ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ክሬም ቺዝ ቢያንስ 33 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል፣ ውሃውም ከ55 በመቶ ሊበልጥ አይገባም። የእኛ አይብ ቅቤው ተንጦ ከወጣ አሬራ ስለሚሠራ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ስቡ 2 በመቶ ገደማ፣ ፕሮቲኑ 15 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አይብ በቀጥታ ክሬም ቺዝን ልተካ ቢል ኬኩ ውሃ ያዘለና የሚፈረፈር ይሆናል። የጎደለው ስብ ነው፤ የበዛው ውሃ ነው። ሁለቱንም በእጃችን ማስተካከል እንችላለን።

አሠራሬ ይህ ነው። 1 ኪሎ አይብ በንጹህ ሻሽ ቋጥሬ ፍሪጅ ውስጥ አንጠልጥዬ አሳድረዋለሁ። አጓቱ ሲወርድ 750 ግራም ገደማ ይቀራል። ይህን ከ200 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር በብሌንደር እፈጨዋለሁ፤ በእጅ ቢመታ የአይቡ ፍርፋሪ አይጠፋም። ከዚያ 80 ግራም የቀለጠና የበረደ ለጋ ቅቤ፣ 4 እንቁላል፣ 150 ግራም ስኳር፣ 40 ግራም ኮርንስታርች፣ የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭና ቁንጥር ጨው እጨምራለሁ። ቅቤው የአይቡን ስብ ወደ 10 በመቶ ያደርሰዋል፤ ጀርመን ውስጥ የሚሸጠው ባለ ስብ ክዋርክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስፋቱ 26 ሴንቲሜትር የሆነ መጋገሪያ ላይ ሊጥ አንጥፌ፣ ድብልቁን አፍስሼበት፣ በ160 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል እጋግረዋለሁ። መሐሉ ገና ሲንቀጠቀጥ ኦቨኑን አጥፍቼ በሩን ገርበብ አደርግና እዚያው እንዲበርድ እተወዋለሁ። ድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።

ቅቤው ለጋ መሆኑ ግዴታ ነው። መካከለኛና በሳል ቅቤ ለወጥ ክብር ነው፤ ለኬክ ግን ጠረኑ ያይላል። ለጋውንም በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ ውስጡ የቀረውን አሬራ አስወጣለሁ። ስለ አይቡ ደግሞ ሰላሌ ካሉት አክስቴ የተማርኩት አለ፤ እርሳቸው አሬራውን ፈጽሞ አያፈሉትም፣ በለዘብተኛ እሳት ላይ ቀስ አድርገው ያሞቁታል። በኃይለኛ እሳት የወጣ አይብ ይጠጥራል፤ ብሌንደርም አያለሰልሰውም። ስለዚህ ስገዛ በጣቴ እነካለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ሻጯንም እጠይቃለሁ።

ጭሱም ይታሰብበት። በወይራ በታጠነ ዕቃ የተናጠ ወተት ጠረኑን እስከ አይቡ ያደርሳል። ይህ ጠረን ከሎሚና ከቫኒላ ጋር አይስማማም፤ ከማርና ከቡና ጋር ግን እጅግ ያምራል። የታጠነ አይብ ሳገኝ ስኳሩን በማር እተካለሁ፣ ከሥር ያለውን ሊጥ ደግሞ በተፈጨ ቡና አጠቁረዋለሁ። ደንበኞቼ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ኬክ ፍራንክፈርት አይገኝም።

እርጎም ሥራ አለው። የአሜሪካ አሠራር በተርሚልክ የሚባለውን የኮመጠጠ ወተት ሲያዝ፣ አንድ ኩባያ አሬራ ወይም በወተት የቀጠነ እርጎ ይበቃል፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ኮምጣጣነቱ ሊጡን ያነሳዋል። ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ሲለካ ግን ከፍታውም ይታሰብ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነና አየሩም ስለሚሳሳ፣ ኬክ ፈጥኖ ይነሳና መልሶ ይወድቃል። ለባሕር ወለል አቅራቢያ የተጻፈውን የቤኪንግ ፓውደር መጠን እኛ ቀነስ ማድረግ አለብን። ይህን እያወቅን የፈረንጁን መመሪያ ቃል በቃል መከተል የአገራችንን አየር እንደ መካድ ነው።

አይብ የማይችለው ሥራም አለ። እንደ ክሬም ተመትቶ አይነፋም፤ በማስካርፖኔ ፋንታም ቲራሚሱ አይወጣለትም። ካልፈላ ጥሬ ወተት የተገኘ አይብ ደግሞ እሳት ለማይነካው ጣፋጭ መዋል የለበትም፤ ጥሬ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ያሉ በሽታዎችን ያስተላልፋል። ስለዚህ እኔ አይብን የማውለው እስከ ውስጡ ለሚበስል ኬክ ነው።

ኬክ ቤቶች የሚያነሱት ዋና ቅሬታ ወጥነት ነው። የዛሬው አይብ እርጥብ፣ የነገው ደረቅ፣ የሳምንቱ ኮምጣጣ ይሆናል፤ ደንበኛ ደግሞ ትናንት የወደደውን ኬክ ዛሬም ይፈልጋል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ሆኖም መፍትሔው አይብን ትቶ ከውጭ ማስመጣት አይደለም። የወተት ማቀነባበሪያዎቻችን ከፓስቸራይዝድ ወተት፣ ስቡና ውሃው ማሸጊያው ላይ ተጽፎ፣ ለጋጋሪ የሚሆን አይብ ማውጣት አይከብዳቸውም። ወተትን አርግቶ አይብ ማውጣት የሚያውቅ ፋብሪካ የጎደለው የሚያዘው ደንበኛ ብቻ ነው።

ደንበኛው እኛ ጋጋሪዎች ነን። አንድ ኬክ ቤት ብቻውን ቢጠይቅ ሰሚ አያገኝም፤ አሥር ሆነን በየሳምንቱ የታወቀ መጠን እንወስዳለን ብንል ግን ማሽኑ ይነሳል። የሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛዎችም አይብ፣ አሬራና ለጋ ቅቤ ኬክ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ። በጾም ወራት የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ገበሬው ወተቱን ለማን እንደሚሸጥ ይጨነቃል። በእነዚያ ወራትም ለሆቴሎችና ለማይጾሙ ደንበኞች የሚጋግሩ ቤቶች የእርሱን አይብ ቢይዙ ከፊል ጭንቀቱን ያቃልሉለታል፤ ለክሬም ቺዝ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም አገር ውስጥ ይቀራል።

እኔ የጀመርኩት ከሰፈሬ አይብ ሻጭ ጋር ተስማምቼ ነው፤ እርሷ በለዘብተኛ እሳት ታወጣለች፣ እኔም ሳላጓድል እገዛታለሁ። ማንኛውም ኬክ ቤት ይህን ዛሬውኑ ማድረግ ይችላል።