የተበሳ ጆሮ ሲያመረቅዝ



ዒድ ሲቃረብ የሴት ልጃቸውን ጆሮ የሚያስበሱ ወላጆች አሉ። ብዙ ዑለማዎች ፈቅደውታል፤ የዛሬው ጉዳያችን ቁስሉ ነው።

ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የታችኛው ለስላሳ ክፍል ደም በደንብ ስለሚደርሰው ቢያመረቅዝም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይድናል። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጥቂት ጨው በጥብጦ ጠዋትና ማታ ማጠብ ነው። እኛ ገደቦች ቡና ከቤታችን አይጠፋምና ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ይቀናናል፤ ቅቤ የሚቀባም አለ። ሁለቱም ጀርም ይዘው ሊገቡ ይችላሉና ይቅሩ። ውዱእስ? ጆሮ የሚታበሰው እጅ ከታጠበ በኋላ ስለሆነ አያስፈራም።

አስጊው ልም አጥንት ያለበት የላይኛው ክፍል ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም። ከተበሳ በኋላ ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ሲነኩት ክፉኛ ካመመ አታቆዩት። ብዙ ጊዜ መንስኤው ፕሴውዶሞናስ የተባለው ጀርም ነው፤ በግምት የሚገዛው አሞክሳሲሊን አይገድለውም። መግል ከቋጠረ ልም አጥንቱ ይሞትና ጆሮው ለዘለቄታው ይጨማደዳል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ፣ መግል ካለ ደግሞ ወደ ዲላ ሆስፒታል ውሰዷት፤ መግሉ በሐኪም መውጣት አለበት። የክትባት ካርዷንም ያዙ፤ የቲታነስ ክትባት መውሰዷ ይታያል።